ለእናቲቱ ክስ፣ ለልጁ ፈተና

ነገሩ የጀመረው በክርስትና ስጦታ ነው። ከመካከላችን አንዷ ክርስትና እንድታነሳ ተጠየቀች። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ነው። (ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ፤ የማያውቅ ካለ ብለን ነው።) የክርስትና እናት ደግሞ ባዶ እጇን አትሄድም። የአንገት ሀብል ዋጋ ጠየቅንና ወርቅ ቤቱን በሰላምታ ተሰናበትነው። ቀሚስ እንዳንገዛ ቀሚስ ሁሉም ሰው ይገዛል። ታዲያ አንዳችን "ለምን መጽሐፍ አንሰጥም? ለእናቲቱም ለትልቁ ልጇም የሚሆን?" አለ። ሕፃኗ የአራት ዓመት ወንድም አላት። እኛም እንጽፋለን የምንል ሰዎች ነንና ሐሳቡ ኩራታችንን ነካው። ብር አዋጣን፣ ወደ ፒያሳ ወጣን።

የመጀመሪያው ሻጭ "የኦርቶዶክስ ነው የጴንጤ?" አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከእኛ ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱንም የተወ አንድ ሰውም አለ። "የኖኅ መርከብ" አልነው። ሻጩ ትንሽ አሰበና ሁለት መደርደሪያ አሳየን፤ አንዱ የልጆች፣ አንዱ የእናቶች። ከዚያ በኋላ የገባንባቸው ሱቆችም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ይህን ጽሑፍ ያጻፉን እነዚህ ሁለት መደርደሪያዎች ናቸው።

ከልጆቹ እንጀምር። ዓይን የሚስበው ከውጭ የመጣው ነው፤ ወፍራም ወረቀት፣ ደማቅ ቀለም፣ ዋጋውም እንደ ቀለሙ። ኖኅ ጉንጩ ቀይ ሽማግሌ ነው፤ ዳዊት ጸጉሩ የበቆሎ ጢም ይመስላል። የሰፈራችን ልጅ ገልጦ ቢያየው የመጀመሪያ ጥያቄው "ይሄ ፈረንጅ ማነው?" ነው የሚሆነው። ሥዕሉን እንኳ እንለፈው። አማርኛውስ? "እርሱም በታላቅ መደነቅ ተሞልቶ ነበር" ይላል አንዱ ገጽ። እስቲ ለአራት ዓመት ልጅ እንደዚህ የሚያወራ ሰው ታውቃላችሁ? በአማርኛ ሰው ክው ይላል። ክው ማለትን ልጅ ያውቀዋል፤ በፊቱም ያሳያችኋል።

አገር ውስጥ የታተሙት ርካሽ ናቸው፣ ቋንቋቸውም የራሳችን ነው። ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ታሪኩ ሲያልቅ ደግሞ ፈተና ይጠብቃል። "ዮናስን የዋጠው ምንድን ነው? ከዚህ ታሪክ ምን ተማርን?" ልጁ ገና በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ ሽታውንና ጨለማውን እያሰበ ነው፤ እኛ ግን ወረቀት አውጣ እንለዋለን። ተረት ነግረውን "በል አሁን አምስት ጥያቄ መልስ" ያሉን አያት የሉንም።

ወደ እናቶቹ መደርደሪያ እንሂድ። እዚህ ሥዕል የለም፤ ትእዛዝ ነው ያለው። ተነሺ፣ ጸልዪ፣ ታገሺ፣ አትቆጪ፣ ባልሽን አክብሪ፣ ልጅሽን ምከሪ፣ አትድከሚ። (አትድከሚ ተብሎ ይታዘዛል እንዴ?) የጀርባ ሽፋኑን ስንገለብጥ የሚያየን ፎቶ ብዙ ጊዜ ክራባት ያሰረ ወይም ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነው። መካሪ ወንድ መሆኑ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የከበደን የመጽሐፎቹ ድምፅ ነው። ልጁ ቢጠፋ በእሷ፣ ቤቱ ቢፈርስ በእሷ፣ ጸሎቱ ቢጓደል በእሷ። ሌሊት ሦስት ጊዜ የተነሳች ሴት መጽሐፍ ከፍታ የምታገኘው የክስ ቻርጅ ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፦ ለእናት የምንሰጣት መጽሐፍ ይከሳታል፣ ለልጁ የምንሰጠው ይፈትነዋል። ሁለቱን ባንድ አልጋ ላይ አስቀምጦ ባንድ ገጽ የሚያስቅና የሚያስተክዝ መጽሐፍ ግን እምብዛም የለም። ጨርሶ የለም አላልንም፤ በራሳቸው ወጪ ጥሩ ሥራ የሚያሳትሙ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ግን ስጦታ ፈልጎ ፒያሳን ያዳረሰ ሰው የሚያገኘው የነገርናችሁን ነው።

የሚገርመው ታሪኩ ሞልቶ መትረፉ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በደከሙ እናቶች የተሞላ ነው። አጋር በምድረ በዳ ከአቁማዳዋ ውኃ ሲያልቅባት ልጇን ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጣ ሞቱን ላለማየት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ዮካብድ የልጇን ለቅሶ ከወታደር ጆሮ ሦስት ወር ደበቀች። የሰራፕታዋ መበለት በቤቷ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር፤ እሱን ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ትለቅም ነበር። ሐና ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ሳታወጣ ስትጸልይ ካህኑ ሰካራም መሰለችው። ዱቄት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የኛ አገር እናት ትጠፋታለች? ለእንዲህ ያለች እናት የሰራፕታዋን ሴት ታሪክ መንገር ከሃያ ምክር ይበልጣል። "ታገሺ" ሳይላት፣ ሌላም እንደ እሷ ያለች እንደነበረች ያሳያታል። ልጇም አጠገቧ ሆኖ ዱቄቱ ያላለቀበትን ማሰሮ በዓይነ ኅሊናው ያያል። አንድ ታሪክ ለሁለት ሰው።

ይህን ለማድረግ የግድ ከባሕር ማዶ መማር የለብንም። የጥንት ቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ የሥዕል መጽሐፍ ነው። በቀደመው የአሣሣል ልማድ ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ሁለት ዓይኑን ይዞ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ማን ማን እንደሆነ ይለያል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የልጆች መጽሐፍ ዘዴ ካለ ንገሩን።

የየኔታ ትምህርትም ቢሆን ብቻውን አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ፊደለ ሐዋርያ ይላል፣ ወደ ዳዊት ይሻገራል። የሚያነበው ግዕዝ ነው፤ ትርጉሙ ገና ነው። ዳዊት ሲደግም ድግስ ይደገስለታል። ዳዊት የተባለው ሰው በወንጭፍ ምን እንዳደረገ ግን ማታ እሳት ዳር የምትነግረው እናቱ ወይም አያቱ ናት። ፊደሉ ከየኔታ፣ ታሪኩ ከእናት። ዛሬ ከተማ ውስጥ እናት የታክሲ ሰልፍ ቆማ ኮንዶሚኒየሟ ስትደርስ መሽቷል፤ ልጁም ስልክ ላይ አፍጥጧል። የፈረሰው ያ የሥራ ክፍፍል ነው፤ መጽሐፉ የሚያስፈልገውም እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

አንዲት ሴት ይህን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አውቃዋለች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ በባርነት ተይዛ በመርከብ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን አስቁመው ነፃ አወጧት፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና ለኦሮምኛ የመጀመሪያ ንባብ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። ልብ በሉ፦ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው፣ ዓላማውም ወንጌል ነው። እሷ ግን ከሕዝቡ አፍ የሚታወቁትን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ሰበሰበች፤ ከነሱም የተወሰኑት በዚያ መጽሐፍ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ የጀርመናዊው ባርት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በሁለቱ ሥራ በኦሮምኛ ወጣ። ቁጥራቸው ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ሃምሳ ሁለት ከብሉይ፣ ሃምሳ ሁለት ከአዲስ። ከእናቷ ጉያ የተነጠቀች ልጅ፣ ልጆች በእናታቸው ቋንቋና በእናታቸው ተረት እንዲያነቡ ደከመች። እኛ በኮምፒውተር ዘመን "በታላቅ መደነቅ ተሞልቶ" ላይ ቆመናል።

ለምን? አንደኛው መልስ ገንዘብ ነው። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ ይመጣል፤ በቀለም ማተም ውድ ነው፣ ትንሽ ኮፒ ማተም ደግሞ የባሰ ውድ። ውጭ የተዘጋጀ መጽሐፍ ግን ሥዕሉ አንዴ ተሠርቶ አልቋል፤ ለየቋንቋው የሚቀየረው ጽሑፉ ብቻ ነው። አሳታሚው የሚቀለውን ቢመርጥ አንፈርድበትም። ሁለተኛው መልስ የሚያሳፍረን ነው፦ እናትን እንደ አንባቢ አንቆጥራትም። የልጁ አስተማሪ፣ የቤቱ ጠባቂ፣ የባሏ ረዳት ናት እንላለን። ቁጭ ብላ ለራሷ ደስታ ታነባለች ብሎ የሚጽፍላት የለም።

"ስንቷ ታነባለች?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. የተደረገው የንባብ ምዘና ደግሞ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። እንዲህ ከሆነማ ሥዕሉ ብቻውን የሚናገር፣ ፊደሉ የጎላ፣ አንዱ ገጽ ባንድ ትንፋሽ የሚያልቅ መጽሐፍ ይበልጥ ያስፈልጋል። ልጅና እናት ባንድ መጽሐፍ ፊደል ቢቆጥሩ ምን ነውር አለው?

ከመካከላችን ሁለቱንም ተወ ያልናችሁ ጓደኛችን ደግሞ "ልጅ ሃይማኖቱን ሲያድግ ራሱ ይምረጥ፤ በሕፃንነቱ አትጫኑት" ይላል። ተከራከርን። ፈተናውና ማስፈራሪያው ሸክም ነው በሚለው ተስማማን። ታሪክ መንገር ግን ሌላ ነው። ኖኅን፣ ኢዮብን፣ ሰሎሞንን የማያውቅ ልጅ አማርኛውም ይጎድልበታል። "የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ" ሲሉት ምን ሊመስለው ነው? "ይሁዳ" ተብሎ ሲሰደብስ መናደድ እንዳለበት በምን ያውቃል?

"ዩትዩብ አለ አይደል?" የሚሉም አሉ። አለ፤ ጥሩ ጥሩውም አለ። ነገር ግን ስልክ ልጁ "ለምን?" ሲል አይቆምም። እናት ትቆማለች። "ለምን አጋርን አባረሯት?" ብሎ ሲጠይቃት መልሱ ቢቸግራትም፣ አብረው ማሰባቸው በራሱ ትምህርት ነው።

እናስ ምን ይሁን? የምንለው ብዙ አይደለም። ጸሐፊዎች፦ አንድ ገጽ ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ ለልጅ አንብቡት፤ ልጁ ፊቱን ካዞረ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሠዓሊዎች፦ ያንን ባለ አንድ ዓይኑን ክፉ ሰው ከግድግዳው አውርዱልን። አብያተ ክርስቲያናት፦ ከኖኅ እስከ ሰራፕታዋ ሴት ድረስ የጋራ ታሪክ አላችሁ፤ የማትስማሙበትን ለየብቻ ጻፉ፣ የምትስማሙበትን ግን ተጋርታችሁ ብታሳትሙት ዋጋው ይወርዳል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፦ ድምፃችሁን ቅዱና አብራችሁ አውጡት። ማንበብ ለማትችል እናት ይሆናል፤ ልጇን ለአያት ትታ ዓረብ አገር ሰው ቤት ለምትሠራውም ይሆናል፤ ያንኑ ታሪክ እሷ በዚያ፣ ልጇ በዚህ ሆነው ባንድ ማታ ሊሰሙት ይችላሉ።

ስጦታውን አልነገርናችሁም። በመጨረሻ ያንን ባለ ቀይ ጉንጭ ኖኅ ገዛን። ምን እናድርግ? ክርስትናው ቀን እንግዳው ሲበላ ትልቁ ልጅ መጽሐፉን ይዞ አያቱ ጉያ ገባ። እማማ ማንበብ አይችሉም። ገለጡት፣ ሥዕሉን ትንሽ አዩና ጀመሩ። በእሳቸው መርከብ ውስጥ የኖኅ ሚስት ጤፍ ጭናለች፤ ምጣዱን ረስታ ልትመለስ ስትል ዝናቡ ጀመረ። አህያዋ አልገባም ብላ አስቸገረች። ጅቡ ከበጓ ጋር ባንድ ክፍል አድሮ አፈረ። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቱም ሕፃኗን እያጠባች ከት ብላ ሳቀች፤ ያን ቀን ጠዋት ከተነሳች ጀምሮ ስትስቅ ያየናት ያኔ ብቻ ነው። ገጹ ላይ ከተጻፈው አንድም ቃል አልተነበበም።

ስድስት ነበርን፤ ስድስታችንም በኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ነበረን። አንዳችንም አልቀዳንም። ስንፈልገው የዋልነው መጽሐፍ ፊታችን ተቀምጦ ሲነገር እኛ ጠላ ስንቀዳ ነበር።

የእናንተ እማማ በሕይወት ካሉ በዚህ እሑድ ሂዱ። ቡና እስኪፈላ ድረስ "ስለ ኖኅ ንገሩኝ" በሏቸው። ስልኩንም አትርሱት።