ባለ100 ፎቁ ሕንፃ በ30 ፎቅ ስለ መቆሙ

አንድ ነጋዴ የጀመረውን ሕንፃ አጋምሶ ሲያቆም በከተማችን የሚባለው ነገር የታወቀ ነው። «እገሌ ከሰረ» ይባላል፤ ወሬውም ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከመርካቶ ተነሥቶ ባንክ ቤት ይደርሳል። እኔ ግን በነጋዴ ጽሕፈት ቤት ከ20 ዓመት በላይ ደብዳቤ ስጽፍና ሒሳብ ስይዝ የኖርሁ እንደ መሆኔ፣ ሕንፃን በጊዜው ማቆም ከንግድ ዕውቀት እንጂ ከኪሳራ የሚቈጠር አለመሆኑን ለአንባብያን ለማስረዳት እወዳለሁ።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በኒው ዮርክ ከተማ ያለው የሜትሮፖሊታን ላይፍ ኢንሹራንስ ኩባንያ ታሪክ ነው። ይህ ኩባንያ በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለ ሰዓቱን ግንብ 213 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በማሠራቱ፣ በዓለም ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ የእርሱ ሆኖ ነበር። በ1913 ይህን ክብር የወሰደበት ባለሱቅ ነው፤ በ5 እና በ10 ሳንቲም ዕቃ እየሸጠ የበለጸገው ፍራንክ ዉልዎርዝ 241 ሜትር የሚሆነውን ሕንፃውን ያለ ብድር በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ አሠራ። ባለሱቆች አንባብያን ይህን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም።

ኩባንያው በ1920ዎቹ መጨረሻ ከግንቡ አጠገብ ባለ100 ፎቅ ዋና መሥሪያ ቤት ለማሠራት አሰበ፤ ንድፉንም ሃርቪ ዊሊ ኮርቤትና ኤቨረት ዌይድ የተባሉ መሐንዲሶች አዘጋጁ። ነገር ግን በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ኩባንያው ከ1915 ጀምሮ የውል ገቢዎቹ የራሳቸው ንብረት ስለ ነበር፣ ለድንጋይና ለብረት የሚከፈለው ገንዘብ ሰው ለልጆቹ ያስቀመጠው አደራ ነበር። ስለዚህ የ100 ፎቁ አሳብ ቀርቶ ሕንፃው በ30 ፎቅ ገደማ እንዲወሰን ተደረገ። ይኸውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ክፍል ተሠርቶ፣ የመጀመሪያው በ1932፣ ሁለተኛው በ1940፣ የመጨረሻው በ1950 ተፈጸመ።

መሠረቱ ግን ለረጅሙ ሕንፃ ታስቦ የተጣለ ነው፤ 30 የሚሆኑት አሳንሰሮችም ለዚህ ቁመት ከሚያስፈልገው በላይ ናቸው። ይህ ብክነት አይደለምን የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በእርግጥ ብክነት ነው። ነገር ግን በዚያው ከተማ ሳይቆም የተፈጸመውን ባለ102 ፎቁን ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እንመልከት። በ1931 ተመርቆ ሲከፈት ተከራይ አጥቶ አብዛኛው ክፍል ባዶውን ስለ ቀረ የከተማው ሰው «ባዶው ስቴት» እያለ ያሾፍበት ነበር፤ ትርፍ ማግኘት የጀመረውም ወደ 1950 ገደማ ነው። ባለቤቶቹ የጀመሩትን ጨረሱ፤ ወደ 20 ዓመት ያህል ግን ሕንፃው አላተረፈላቸውም።

ነገሩ ሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልኩት አሠሪዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለአራት ፎቅ ሕንፃ አስጀምረው ነበር። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ በተመታበት ሳምንት የቡናው መግዣ ወራት ደረሰ፤ ሒሳቡን ገልጬ ባሳየኋቸው ጊዜ የቡናው መግዣ ገንዘብ በሲሚንቶና በፌሮ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው በማግሥቱ ሥራውን አቆሙ። ወሬው ወዲያው ተነዛ፤ ሁለት አቅራቢዎችም ዱቤ ነሡን፤ እኔም እስከ ዛሬ ስማቸውን ከመዝገቡ አልፋቅሁም። አሠሪዬ ግን ምድር ቤቱን ለስድስት ባለሱቆች አከራይተው፣ በኪራዩና በቀረው ጥሬ ገንዘብ የዚያን ዓመት ቡና ገዙ።

አንድ ነገር ብቻ ተሳሳትን። ለላይኛው ምሰሶ የተተወው ፌሮ ሳይሸፈን ሁለት ክረምት ዝናብ መታው፤ ሥራው እንደገና ሲጀመር የዛገውን ቈርጦ አዲስ ለመቀጠል የወጣው ወጪ ቀላል አልነበረም። ሥራውን ባቆምንበት ቀን ስስ ሲሚንቶ ብናለብሰው ኖሮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ሕንፃቸውን ለማቆም የተገደዱ ነጋዴዎች ምድር ቤታቸውን በምን እንደ ተጠቀሙበት፣ ብረታቸውንም ከዝናብ እንዴት እንዳዳኑ ለዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ ቢጽፉ፣ ዘንድሮ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ሥር ቆመው ሒሳብ ለሚያሰሉት ጓደኞቻቸው ይደርስላቸዋል።