ድርጅቱ ቢሸጥም ጡረታችን አይሸጥም

የኩታበር ልጆች ስሙኝ! ደሴ ሱቅ የምትውሉ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትገቡ፣ መካነ ሰላም ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ በግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩ፣ ነገሩ የእናንተ ነው።

ባለቤቱ ድርጅቱን ለወንድሙ ወይም ለአማቹ «ሸጥኩ» ይላል። ሰሌዳው ይቀየራል፤ አዲስ ንግድ ፈቃድ፣ አዲስ ማኅተም ይመጣል። ማሽኑ ግን ያው፣ አለቃውም ያው ነው። ሠራተኛው ብቻ «አዲስ ተቀጣሪ ነህ፤ ፈርም» ይባላል። ያልገባውን የጡረታ መዋጮ ሲጠይቅ አዲሱ «የድሮው ይክፈል» ይላል፤ የድሮው «ሸጫለሁ» ይላል። ይህ ሽያጭ አይደለም፤ የሽማግሌ እንጀራ መንጠቅ ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት ቢተላለፍም የሥራ ውል አይቋረጥም ይላል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከደመወዛችን 7 ከመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪው ከራሱ 11 ከመቶ ይጨምራል። 7ቱ ከእጃችን የወጣ ገንዘብ ነው። ተቀንሶ ካልገባ የት ገባ? ጠይቁ!

10 ዓመት ያልሞላ አገልግሎት ወርኃዊ ጡረታ አያስገኝም። መዋጮ ያልገባበት ዓመት ደግሞ በመዝገብ አይታይም። ደመወዛችሁ በወረቀት ላይ ዝቅ ተደርጎ ከተጻፈም ጡረታችሁ በዚያው ልክ ይሰላል። 60 ዓመት ሲሞላ ማዘን ዋጋ የለውም። ከሞታችሁ በኋላም በዚህ መዝገብ የምትኖረው ባለቤታችሁ ናት፤ ልጆቻችሁም ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ ተነሱ። ሳታነቡ አትፈርሙ። «መብቴን ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ሲመጣ አትፈርሙ! የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን ቅጂ ቤት አስቀምጡ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየነው ይበቃናል፤ ማስረጃችን አሠሪው ቢሮ ብቻ አይደር። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙና ወደ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሂዱ፤ ስንት ወር እንደገባላችሁ አስጠይቁ።

ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ብቻውን የጠየቀ ይባረራል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። 10 ሠራተኛ ያለበት ቦታ ማኅበር ማቋቋም በሕግ የተፈቀደ ነው። አቋቁሙ! ቅሬ ስንሰበሰብም ይህን ጉዳይ እናንሳ፤ የተማረ ልጅ አዋጁን ላልተማረ አባት ያንብብለት። ለቀብር አብረን የምንወጣ ሰዎች ለጡረታም አብረን እንውጣ።

ጊዜው አጭር ነው። በሽያጭ ሰበብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የሚያቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ይጠየቃል። ሰሌዳው የተቀየረበትን ቀን ጻፉ፤ ምስክር ያዙ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አብራችሁ ሂዱ።