«የት?» ብለን እንጠይቅ



የባዮሎጂ ፈተና ሲቃረብ በጥናት ቡድኖቻችን የሚሰማው ሽምደዳ ነው፦ አድሬናሊን፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ፣ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ። ቅደም ተከተሉን በቃላችን እንወጣዋለን። አንድ ጥያቄ ግን እንዘላለን፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሴሉ ውስጥ የት ነው?

የትምህርቱ ልብ እዚህ ላይ ነው እንላለን። ያው ሳይክሊክ ኤኤምፒ በጉበት ሴል ስኳር ያስለቅቃል፤ በልብ ሴል ምት ያፈጥናል። በአንድ የልብ ሴል ውስጥ እንኳ ካይኔዙ ሊነካቸው የሚችላቸው ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው። ታዲያ የሚፈለገውን እንዴት ይለያል? አካፕ የሚባሉት መልሕቅ ፕሮቲኖች ካይኔዙን ይዘው ከሥራው አጠገብ ያቆሙታል። ብዙዎቹ ምልክቱን የሚያጠፉትን ኢንዛይሞችም እዚያው ይይዛሉ። ጌጫ ላይ ቀፎ የሚሰቅል አባት ባገኘው ዛፍ ላይ አይሰቅልም፤ ንቡ አበባ የሚቀርበውን ይመርጣል። ሴሉም እንዲሁ ቦታ ይመርጣል።

አካፕ 9 የተባለውን ጂን እንመልከት። ከእርሱ የሚገኘው አጭሩ ፕሮቲን ዮቲያዎ ካይኔዙን ከልብ የፖታሲየም መተላለፊያ ጋር ያያይዛል። በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ይህን ትስስር የሚያላላ ሚውቴሽን አገኙ፤ የልብ ምትን ከሚያዛባው የሎንግ ኪውቲ ሕመም ጋርም አገናኙት። ካይኔዙ አለ፣ መተላለፊያውም አለ፤ የላላው መያያዣው ነው። ረጅሙ ፕሮቲን ደግሞ ጎልጂና ሴንትሮዞም ላይ ተቀምጦ ማይክሮቱቡሎች የሚበቅሉበትን መነሻ ያደራጃል። ማይክሮቱቡሎች ለሴሉ ምሰሶም መንገድም ናቸው።

«ፈተናው ይህን አይጠይቅም» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ነገ ግን ከመካከላችን ጌጫ ጤና ጣቢያ የሚመደብ፣ ማሻ ወይም ቴፒ ገብቶ የሚያስተምር ይኖራል። በተደጋጋሚ ራሷን እየሳተች የምትመጣ ልጅ ፊት የተሸመደደ ስም ብቻውን አይረዳም፤ ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ የገባው ሰው ግን የልብ ምርመራ ማዘዝን ያስባል። ዒልም አማና ነው፤ አማናውም የፈተናው ቀን ሲያልፍ አያልቅም።

ስለዚህ ከዒሻ በኋላ በምናደርገው የማጠናከሪያ ጥናት አንድ ነገር እንለውጥ። እያንዳንዳችን አንድ ሴል እንሳል፤ እያንዳንዱን ፕሮቲን በየቦታው እናስቀምጥ፤ ከዚያም በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እናስረዳ። ማስረዳት ያቃተን ቦታ ላይ ተመልሰን እናንብብ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።