ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ግንቦት የዲፓርትመንታችን ሰርቨር ሲቆም የ8 ወር ሥራችንን ይዞ የሄደውን ፋይል የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ብዙዎቻችሁ «መብራት ነው ያበላሸው» ሲባል ሰምታችኋል። መብራት አይደለም። ይህን የምጽፈው ግን ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ጥፋቱ በእኔ ጣት ይፈጸም እንጂ መንገዱ የተጠረገለት ከዚያ በፊት ነው። ዛሬም የተለወጠ ነገር ስለሌለ ነገ በሌላ ሰው ጣት ይደገማል ባይ ነኝ።

ሰርቨሩን የማታውቁት ካላችሁ፣ ላቡ ጥግ ከአሮጌው ፕሪንተር አጠገብ ያለው ጥቁር ሳጥን ነው። ስታዩት አንድ ማሽን ነው። ውስጡ ግን 4 ማሽን አለ፦ ሥራችንን የምናስቀምጥበት፣ የቡለቲናችን የቆዩ ዕትሞች ያሉበት፣ የኦንላይን ጋዜጠኝነት መለማመጃው እና የላቡ የአታሚና የተጠቃሚዎች መቆጣጠሪያ። ይሄ ነው ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው።

ነገሩን ለመረዳት የኪራይ ግቢ ማሰብ ይበቃል። ግቢው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ የውሃ ቧንቧውም አንድ ነው፤ ተከራዮቹ ግን 4። ሁሉም የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ አንዱ የሌላውን ቤት አያይም። መብራቱንና ውሃውን የሚያከፋፍለው አከራይ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ለ4ቱ ማሽኖች እያካፈለ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ያሉ እንዲመስላቸው ያደርጋል። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ለትልልቆቹ ኮምፒውተሮቹ ይህንኑ የሚሠራ ሲስተም አውጥቶ ነበር። እንደኛ ላሉት ተራ ማሽኖች ደግሞ በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር በ2001 የመጀመሪያ የሰርቨር ምርቶቹን ይዞ መጣ።

ዲፓርትመንታችን 4 ሰርቨር ከመግዛት አንድ ገዝቶ ለ4 መክፈሉን አልቃወምም። በኛ በጀት የሚያዋጣውም እሱ ነው። ነገር ግን ግቢው የተቃጠለ ቀን 4ቱም ተከራይ ሜዳ ላይ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሥራውን የሚቀበል ሌላ ሰርቨር አላቸው። የኛው ብቻውን የቆመ ነው፤ ደጋፊ የለውም። ብቻውን የቆመ ነገር ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው።

አሁን ወደ ግንቦቱ ጉዳይ ልግባ። የላብ ባለሙያችን በመስከረም የፋይል ማስቀመጫውን ማሽን ከማደሳቸው በፊት ስናፕሾት ወሰዱ። ይሄ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ እድሳቱ ቢበላሽ ወደነበረበት ለመመለስ ያስችላል። እድሳቱ በሰላም አለቀ። ስናፕሾቱ ግን ተረሳ።

ብዙዎቻችን ስናፕሾት ሲባል ኮፒ ይመስለናል። አይደለም። ስናፕሾት ሲወሰድ ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆለፋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጻፈው ሁሉ ሌላ አዲስ ፋይል ውስጥ ይገባል። ደብተርን ዘግቶ በብጫቂ ወረቀት መጻፍ እንደመቀጠል ማለት ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ደብተሩ የሚያውቀው እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ ባክአፕም አድርጋችሁ አትቁጠሩት ብሎ ይመክራል። የኛ 8 ወር ቆየ። በ8 ወር ውስጥ ያስገባነው ድምፅ፣ ፎቶ፣ ጽሑፍ ሁሉ የተጻፈው በብጫቂው ወረቀት ላይ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ለ4ቱ ማሽኖች በድምሩ 3 ቴራባይት ተሰጥቷቸዋል፤ ያለው ግን 2 ቴራባይት ነው። ይሄም በራሱ ጥፋት አይደለም። ሁሉም ማሽን የተሰጠውን በአንድ ቀን ስለማይጠቀምበት ሆን ተብሎ ይደረጋል። የሚያስፈልገው ግን ዲስኩ ስንት ቀረው ብሎ በየጊዜው የሚያይ ሰው ነው። የሚያይ አልነበረም። የሬዲዮ ፕሮጀክት ማስረከቢያው ሳምንት ሁላችንም ድምፅ ስንጭን ዲስኩ ሞላ፣ ማሽኖቹም ቆሙ።

ባለሙያችን ያን ዕለት ለቅሶ አገር ቤት ሄደዋል። ፓስወርዱ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። እኔ «ኮምፒውተር ይችላል» ስለምባል ተጠራሁ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ስልካቸው ሠራ፣ ፓስወርዱን ነገሩኝ። «ዲስኩ ሞልቶ ይሆናል፤ አላስፈላጊውን አጥፋና ቦታ ፍጠር» ብለው ሳይጨርሱ መስመሩ ተቆረጠ። ገብቼ ሳይ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ 000001 የሚል ቁጥር ያለበት ትልቅ ፋይል አገኘሁ። ዋናው አጠገቡ አለ። የድሮ ኮፒ መሰለኝ። ሰረዝኩት። እዚያ ቤት ደግሞ እንደ ኮምፒውተራችን ሪሳይክል ቢን ብሎ ነገር የለም።

ባለሙያችን ከ3 ቀን በኋላ ሲመለሱ ማሽኑን አስነሱት። ተነሳ፤ ግን መስከረም ላይ ነው የተነሳው። የ1ኛው ሴሚስተር የሬዲዮ ፕሮጀክት የለም። ለዚህ ቡለቲን የተሰበሰቡ ጽሑፎች የሉም። የክፍላችን ልጅ በጥር ከአያቷ ጋር ያደረገችው የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ የለም። ሌላው ሁሉ እንደገና ይሠራል። አያቷ ግን ከፋሲካ በኋላ አርፈዋል። ይህን የነገረችኝ ሳትቆጣ ነው፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«ዲስኩ እኮ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ ተብሎ አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ሁለት ዲስክ አለ። አንዱ ላይ የሚጻፈው ሌላው ላይም ይጻፋል። ያ የሚጠቅመው አንዱ ዲስክ በአካል ሲሞት ነው። ሰው ፋይል ሲሰርዝ ግን በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ላይ ይሰረዛል። ስለዚህ ሬይድም፣ ስናፕሾትም ባክአፕ አይደለም። ባክአፕ ማለት ከሰርቨሩ ውጪ፣ በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ቤት ያለ ኮፒ ነው።

ታዲያ ለምን አልነበረንም? አንዱ ምክንያት የምንጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። የቪኤምዌር ነፃ ዕትም ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ዳሩ ግን የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚገቡበትን በር ዘግቶ ነው በነፃ የሚሰጠው። ነፃነቱም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ገዛ፤ በፌብሩዋሪ 2024 ነፃው ዕትም ቀረ ተባለ፤ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ተመለሰ። ማንም ድርጅት በምርቱ የፈለገውን ማድረግ መብቱ ነው። እኛ ግን ትዝታችንን በሰው ፈቃድ ላይ ባንሠራ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፕሮክስሞክስ ለምሳሌ ኮዱ ክፍት ነው፤ ባክአፕ መውሰጃውም አብሮት አለ፤ ከ2024 ጀምሮም ማሽኖችን ከቪኤምዌር መቀበያ መንገድ ተሠርቶለታል። ድጋፍ ካልተከፈለበት ሲገቡ ማስታወሻ ያሳያል እንጂ አይዘጋም። በመጪው ክረምት ላቡ ባዶ ሲሆን መለወጥ ይቻላል።

ሶፍትዌር መቀየር ብቻውን ግን አያድነንም። ዋናው ጉድለት ሰው ላይ ነው፤ ሰው ስል ባለሙያችንን አይደለም። እሳቸው ፕሪንተሩን፣ ኔትወርኩን፣ ፕሮጀክተሩን፣ 40 ኮምፒውተር ብቻቸውን የሚያባርሩ ሰው ናቸው። እንደ ሰርቨሩ ሁሉ እሳቸውንም ብቻቸውን አቁመናቸዋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ስለዚህ የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ሁለት የውጪ ሃርድ ዲስክ ይገዛ። በየሳምንቱ እየተቀያየሩ ኮፒ ይወሰድባቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ከላቡ ሕንፃ ውጪ ይቀመጥ። በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ደግሞ ከኮፒው ላይ አንድ ማሽን ተመልሶ ይነሳ። ተሞክሮ ያልተነሳ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለሰርቨሩ ደብተር ይከፈትለት። የወረቀት ደብተር ነው የምለው፤ ሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ሰርቨሩ ሲቆም አይነበብም። ዲስኩ ስንት ቀረው፣ ስናፕሾት ማን ወሰደ፣ መቼ ይነሳል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የትኛው ማሽን ቀድሞ ይነሳ፣ ዩ.ፒ.ኤሱ ባትሪው መቼ ተቀየረ፤ ይህ ሁሉ በቀንና በፊርማ ይጻፍ። ፓስወርዱም በታሸገ ኤንቨሎፕ የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ዘንድ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ከየዓመቱ ሁለት ተማሪ ከባለሙያው ሥር ይሠልጥን። በሚሠራው ሰርቨር ላይ ሳይሆን በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይለማመድ፤ የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራ ፕሮሰሰር እንኳ ለዚህ ይበቃል። ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽኑን ቦታ ማብራት ነው። ይሙላው፣ ያቁመው፣ ይስበረው፣ ይጠግነው።

«ፋይል ያጠፋ ተማሪ ደግሞ ተማሪ ሰርቨር ይንካ ይለናል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እኔ መንካት አልነበረብኝም። ግን አስቡት፤ ነገም ማስረከቢያ ይደርሳል፣ ነገም ባለሙያው ለቅሶ ይሄዳሉ፣ ነገም አንድ «ኮምፒውተር ይችላል» የሚባል ልጅ ይጠራል። ምርጫው ተማሪ ይንካ አይንካ አይደለም። የሠለጠነ ይንካ ወይስ ያልሠለጠነ ነው።

«ኦንላይን ብናስቀምጠውስ?» የሚሉም አሉ። ለሁለተኛ ኮፒ ጥሩ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑንና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራችንም አብሮ እንደሚቋረጥ ግን አንርሳ።

በመጨረሻ፣ «ይሄ ለጋዜጠኛ ምኑ ነው?» ለሚለኝ የክፍሌ ልጅ፦ ማስረጃህን ጠብቅ ብለው አላስተማሩንም እንዴ? የቀዳኸውን ድምፅ አምጣ ስትባል «ሰርቨሩ ቆሞ ነው» ማለት መልስ አይሆንም። እኔ ያጠፋሁትን መመለስ አልችልም። ደብተሩን ግን ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የግንቦቱን ነገር እንደነበረ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሁለተኛውን ገጽ ማን ይጽፈዋል?