ባለጢሟና ዶሮ ፈሪዋ

አንቺ! ቆይ፣ ስለ ዶሮው በኋላ ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ይቺን ድመትሽን ምን አብልተሻት ነው ጢሟ እንዲህ የተንዠረገገው? ወይስ ጾሙ ተስማማት? 55 ቀን ሙሉ ሽሮ ሲሸታት ከርማ እንዲህ ማማር! ምን አልሽ? ወተት በድብቅ ትሰጫት ነበር? እሱንማ ጠርጥሬ ነበር።

ኧረ ይሄ ጢም ለጌጥ የተሰጣት እንዳይመስልሽ። ጸጉር ይመስላል እንጂ ሥሩ ከሌላው ጸጉሯ 3 እጥፍ ያህል ጠልቆ የተተከለ ነው፤ ዙሪያውን ደም ከቦታል፣ ነርቭም ታጭቆበታል። ዘንጉ ራሱ ምንም አይሰማውም። አንድ ነገር ሲነካው ግን ሥሩን ያወዛውዘዋል፣ ሥሩም ወሬውን ወዲያው ለአንጎሏ ያደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በየጉንጯ 12 ያህል ነው፣ በ4 ረድፍ። ተይ አትቁጠሪው፣ ትቧጭርሻለች! ከዓይኗ በላይም አለ፣ አገጯም ላይ አለ። የፊት እግሯን ደግሞ ገለጥ አድርገሽ እዪ፤ ከመዳፏ ከፍ ብሎ፣ በስተኋላ በኩል... አየሽው? እዚያም በቅሏል።

የሚገርመው ምን መሰለሽ፣ አዳኟ ድመት አፍንጫዋ ሥር ያለውን ነገር አጥርታ አታይም። ዓይኗ የተሠራው ራቅ ብሎ ለሚንቀሳቀስ ነው፤ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ሲቀርባት ይደበዝዝባታል። ስለዚህ አይጥ ስትይዝ ጢሟን ወደፊት ዘርግታ አይጧን ትዳስሳታለች። ሞታለች ወይስ እያስመሰለች ነው? የቱ ጋ ልንከሳት? ሁሉንም የሚነግራት ጢሟ ነው። በጨለማ ጠባብ ቀዳዳ ሲገጥማትም መጀመሪያ ጭንቅላቷን አስገብታ ትለካለች፤ ጢሟ ግራና ቀኝ ከነካ ታስብበታለች። የወፈረች ድመት ግን ትሸወዳለች፤ ሆድ ሲሰፋ ጢም አብሮ አይረዝምማ። ያንቺዋ ከፋሲካ በኋላ ትጠንቀቅ።

ደግሞ በዓለም አንደኛ ናት እንዳትዪኝ። በ2005፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ፊንላንድ ውስጥ የአንዲት ሜይን ኩን ድመት ጢም ተለክቶ 19 ሳንቲሜትር ሆኖ ተገኝቶ ጊነስ መዝግቦታል። አንድ ስንዝር ሊሞላ ምን ቀረው! ያንቺዋ እዚያ አትደርስም፤ ለሰፈሩ ግን ይበቃል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዶሮሽ። ይሄ ሁሉ ጓንት፣ ማስክ፣ በረኪና ምንድን ነው? ቀዶ ጥገና ልትገቢ ነው? “ሳልሞኔላ አለው አሉ።” ማን ነው ያለሽ? እሺ ይሁን፣ አለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅበላ ዕለት ሥጋ ቤት ተቀምጠሽ ያንን ቁርጥ በአዋዜ ስታወርጂው የነበርሽው ሴት የት ሄደች? የኮሶ ትል እኮ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሆድ ውስጥ ሜትሮች የሚረዝም ትል! አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ፊታቸውን አጨማደው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለምን ይመስልሻል? ዐፄ ቴዎድሮስን እንኳ ጠላቶቻቸው “የኮሶ ሻጭ ልጅ” እያሉ ነበር የሚሰድቧቸው። ያን ስትጎርሺ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። የተበለተ ዶሮ ስታዪ ግን ነፍስሽ ልትወጣ ይደርሳል። አየሽ፣ የለመድነው ቢገድለንም አያስፈራንም፤ ያልለመድነውን ግን ገና በወሬው እንደነግጣለን። ድመትሽ እንኳ ለክታ ነው የምትፈራው።

አይ፣ ፍርሃትሽ መሠረት የለውም አላልኩም። ሳልሞኔላ ብቻ መሰለሽ? ካምፒሎባክተር የሚባልም አለ። የዶሮ ሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው፤ ይሄ ባክቴሪያም የሚመቸው ያው ሙቀት ነው። አንጀቷ ውስጥ ተንደላቆ ይኖራል፣ እሷን ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርጋት። አንቺን ግን ጥቂቱም ቢሆን ሰሞኑን ሁሉ መጸዳጃ ቤት ሊያመላልስሽ ይችላል።

የሚያደባበትን ቦታ ግን ተሳስተሻል። ድስቱን ምን አስፈራሽ? 74 ዲግሪ ላይ ያበቃለታል፤ የኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ ስንት ሰዓት ነው ሲንተከተክ የሚውለው! መክተፊያውን ፍሪ፣ ቢላውን ፍሪ፣ በዚያው እጅሽ የከፈትሽውን ቧንቧ ፍሪ። በዚያ መክተፊያ ላይ ነው እኮ ቆይተሽ ቲማቲምና ቃሪያ የምትከትፊው፤ ሰላጣ ደግሞ እሳት አያይም። ጓንቱንም አውልቂልኝ። ጓንት እንዳጠለቅሽ ስልክ ስታነሺ አይቼሻለሁ፤ እና ምኑን ተከላከልሽ? ባዶ እጅሽን በሳሙና 20 ሰከንድ ብትታጠቢው ይሻልሻል።

ማጠቡን በተመለከተማ ጠብ ነው። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2014 ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ብሎ ዘመቻ ከፍቶ ነበር፤ ውሃው ሲፈናጠቅ ባክቴሪያውን ኩሽናው ውስጥ ይረጨዋል ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። እስቲ ግን ይሄንን ለእናትሽ ንገሪያቸውና ጉድሽን እዪ! እኔም ብሆን ውሃው ኩልል እስኪል ያልታጠበ ዶሮ አልበላም። ቤት ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ፣ እሳት የለበለበው ዶሮ እኮ ደምም አመድም አለበት። ሎሚና ጨውሽ ግን ጠረኑን እንጂ ባክቴሪያውን ያጠፋልኛል ብለሽ አትመኚበት። ቧንቧ ሥር አታስፈንጥሪው፣ ሳፋ ውስጥ ዝም ባለ ውሃ እሺው፣ ውሃውንም ቀስ ብለሽ ድፊው። በረኪናሽ ያን ጊዜ ይምጣ፣ ለሳፋውና ለማጠቢያው።

ኧረ ያዢያት! ወደ ሳፋው እየሄደች ነው! ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ። ጥሬውን እንዳትጥዪላት፤ እሷ ባትታመም እንኳ በዐይነ ምድሯ እያወጣች ለአንቺ ልትመልስልሽ ትችላለች። ቀቅለሽ፣ አጥንቱን አውጥተሽ ስጫት። ከወጡ ግን ጠብታ እንዳታቀምሻት፣ የፈለገ ብታለቅስ። ምን በርበሬው ብቻ! ሽንኩርቱ ነው የሚብሰው፤ ለድመት መርዝ ነው፣ ቀይ የደም ሴሏን ያፈርሳል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ሌላ ምን አለውና?

በይ አሁን ቢላውን አምጪ፣ እኔ ልበልትልሽ። አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ፣ በሌላ መክተፊያ ታዲያ! በነጻ አይደለም፤ ፈረሰኛው የኔ ነው። ለአባወራ ነው አልሽ? የቱ አባወራ?