«ፀጉርሽ ይበቅላል» ብቻ?

አክስቴ ኬሞ ስትጀምር የተነገራት ሦስት ነገር ነው፤ ፀጉርሽ ይረግፋል፣ ያስመልስሻል፣ ትኩሳት ካለሽ ቶሎ ነይ። ስለ ልቧ ማንም ትንፍሽ አላለም። ሽንቷ ቀልቶ ስትደነግጥ እንኳን «የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ተብላ ተሸኘች። (እሱስ እውነት ነው።)

ያ ቀይ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ስንቱን ከጡት ካንሰርና ከሊምፎማ አትርፏል፤ ስለዚህ ጠቤ ከኬሞ ጋር አይደለም። ነገር ግን የልብ ጡንቻን ይጎዳል፣ ጉዳቱም ይጠራቀማል። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ድምሩ በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 400 ሚሊግራም ሲደርስ ከመቶ 5 ያህሉ፣ 550 ሲደርስ 26 ያህሉ ለልብ ድካም ተዳርገዋል። ለጡት ካንሰር የተለመደው አራት ዙር 240 ነው። ታዲያ ምን ችግር አለው? ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ፣ ሆስፒታል ብትቀይር፣ «እስካሁን ስንት ወስደሻል?» ስትባል ምን ትበል? «ቀዩን፣ አራቴ»?

«ታማሚ ማስጨነቅ ጥሩ አይደለም» ይሉናል። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ርኅራኄ አይደለም። በሦስት ትራስ ካልተደገፈች መተንፈስ ያቃታት ሴት «የኬሞው ድካም ነው» ብላ ቤቷ የምትቀመጠው ስላልተነገራት ነው። እግሯ ሲያብጥም መቀመጥ ስላበዛሁ ነው ትላለች። ቶሎ ከተደረሰበት እኮ ለደም ግፊት በሚሰጡ እንደ ኢናላፕሪል ባሉ መድኃኒቶች ብዙ ልብ ያገግማል፤ በዘገየ ቁጥር ግን ዕድሉ ይጠባል።

«የልብ አልትራሳውንድ ወረፋው መች ይደርሳል?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። የልብ ምት መቁጠር፣ ሚዛን ላይ ማቆም፣ «ማታ በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» ብሎ መጠየቅስ ወረፋ አለው? መድኃኒቱ እየተንጠባጠበ አጠገቧ የምትቆመው ነርሷ ናት። (አንዷን ነርስ ለዚያ ሁሉ ታማሚ የሚመድበው አለቃም ይህን ያንብብልኝ።)

የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። ለሕፃን የክትባት ካርድ የምንሰጥ ሰዎች፣ በየዙሩ የወሰደችው ሚሊግራም የተደመረበት ካርድ ለኬሞ ታካሚ መስጠት እንዴት ያቅተናል? አክስቴ ካርድ የላትም። ድምሩን በደብተሬ የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ የሦስተኛውን ዙር ልክ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።