ልብ ወለድ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ፦ ታማኝነቱ ለምን ነው?

አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ወደ ተውኔት ወይም ወደ ፊልም ሲለወጥ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ለድርሰቱ ታማኝ ነውን?» የሚል ነው። በመድረክና በፊልም ረገድ ጥያቄው ተገቢነት አለው። ድርሰቱ የሚና ጨዋታ በሚሆንበት ጊዜ ግን፣ ታማኝነት ማለት ሴራውን ከነቅደም ተከተሉ መድገም ነው የሚሉ ወገኖች ሥራውን ገና ሳይወለድ ያጨናግፉታል።

የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ባሳተሙ ጊዜ መልክ የያዘ የጠረጴዛ ዙሪያ ጨዋታ ነው። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አንደኛው የጨዋታው መሪ ሆኖ አገሩን፣ ሰዉንና አደጋውን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዙና «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ለሚለው ጥያቄ በቃላቸው መልስ ይሰጣሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነውን ድርጊት ዳይስ ይበይነዋል። ጨዋታው ከጦርነት ጨዋታዎች የተወለደ በመሆኑ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የሚዘልቀውን ተከታታይ ታሪክ «ዘመቻ» ይሉታል። እንግዲህ የዚህ ጥበብ ሕይወት ያለው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ባለችው ቅጽበት ነው። መልሱ አስቀድሞ በተነገረ እንቆቅልሽ አገር የሚሰጥ ማንም የለም።

ለጥፋቱ ዋነኛው ምሳሌ «ድራገንላንስ» ነው። ትሬሲ ሂክመንና ማርጋሬት ዋይስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቲ.ኤስ.አር. ኩባንያ ያዘጋጁት የዚህ ሥራ የመጀመሪያው የጨዋታ ጥራዝም የመጀመሪያው ልብ ወለድም የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ልብ ወለዶቹ እጅግ ብዙ አንባቢ አግኝተዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጨዋታው ግን የልብ ወለዱን ጀግኖች፣ ታኒስን፣ ስተርምን፣ ሬይስትሊንን፣ ከነታሪካቸው አዘጋጅቶ ለተጫዋቹ ያስረክበዋል፤ ቀጥሎም በተቀደደለት ቦይ ይነዳዋል። ከሁሉ የሚገርመው ስለ ሞት የተደነገገው ነው። ለታሪኩ አስፈላጊ የሆነ ገጸ ባሕርይ ሲሞት አስከሬኑ እንዳይገኝ ሆኖ እንዲሞት መምሪያው ይመክራል፤ ገደል ይግባ፣ ወንዝ ይውሰደው፤ ኋላ ሴራው ሲፈልገው በአንድ ተአምር ይመለሳልና። ዳይሱ ሙት ያለውን ደራሲው ኑር ይለዋል። እንዲህ ከሆነ ዳይሱን መጣል ስለ ምን አስፈለገ?

«አንባቢው የሚመጣው የወደደውን ጀግና ለመሆን ነው፤ ጀግናውን ከነሡት ምን ይቀርለታል?» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። ነገር ግን ታኒስን የያዘው ተጫዋች ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። መጽሐፉ ያለውን ቢያደርግ በቃሉ ያጠናውን እንደሚወጣ ተማሪ ይሆናል፤ ሌላ ቢያደርግ «ታኒስ እንዲህ አያደርግም» ተብሎ በባልንጀሮቹ ይገሠጻል። የመጀመሪያው እንዲያውም መጽሐፉን ቤት ቁጭ ብሎ ከማንበብ ያንሳል፤ ደራሲው ከጨዋታው መሪ የተሻለ ዐረፍተ ነገር ይጽፋልና።

ትክክለኛውን መንገድ ሳንዲ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳይቶ ነበር። ኬኦሲየም ባሳተመለት «ኮል ኦፍ ክቱሉ» በተባለው ጨዋታ፣ ከላቭክራፍት (1890–1937) የአስፈሪ ታሪኮች ውስጥ ሴራውን ትቶ ጭብጡን ወሰደ። በላቭክራፍት ዘንድ ሰው የሚጠፋው ማወቅ የማይገባውን በማወቁ ነው። ፒተርሰን ይህን ሒሳብ አደረገው። የእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የአእምሮ ጤንነት በቁጥር ይመዘገባል፤ አስፈሪ ነገር ባየ ጊዜ ይቀነስበታል፤ ስለ እነዚያ ፍጡራን ያለው ዕውቀት በጨመረ መጠን ደግሞ ጤንነቱ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ከ99 በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። አንባቢው በወንበሩ ተደላድሎ ያነበበውን ፍርሃት ተጫዋቹ በገዛ ውሳኔው ይገዛዋል፤ ያን መጽሐፍ ይክፈተው ወይስ ይተወው?

ፍጻሜው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ትልቅ ታሪክ ግን እንዲህ ሊሆን አይችልም ለሚሉት፣ መልሱ ግሬግ ስታፎርድ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው «ፔንድራገን» ነው። የንጉሥ አርተር ታሪክ፣ የቶማስ ማሎሪ መጽሐፍ ከታተመበት ከ1485 ወዲህ ያለው ብቻ ቢቆጠር እንኳ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ ነው። ስታፎርድ ተጫዋቹን አርተር አላደረገውም፤ ላንስሎትም አላደረገውም። ከጌታው በጉልት ያገኛትን መሬት ይዞ የሚኖር አንድ ፈረሰኛ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ታላቁ ዘመቻ ከ485 እስከ 566 ያለውን ዘመን ዓመት በዓመት ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ፈረሰኛ በጦር ሜዳ ሊቆይበት አይችልም። ስለዚህ በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ተጫዋቹ አዝመራው ምን እንደሰጠ ይቆጥራል፣ ሚስት ያጫል፣ ልጅ ይወልዳል፤ አባት ሲሞት ልጅ ጋሻውን ያነሣል። ጠባዩም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመዘገባል፤ ምሕረትና ጭካኔ፣ ሐቀኝነትና አታላይነት፣ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ይሟሽሻል። አርተር ይነግሣል፤ አርተር ይወድቃል። ይህ ለተጫዋቹ እንደ አየር ጠባይ ነው። ገበሬ ዝናቡን አይመርጥም፤ መቼ እንደሚዘራ ግን ይመርጣል። ንጉሡና ላንስሎት በተጣሉ ጊዜ ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ፣ አባቱ የማለውን መሐላ ልጁ ይጠብቀው እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ በማሎሪ አልተጻፈም። የታሪኩ ሐዘን የሚገባውም ፍጻሜውን እያወቀ ለሚመርጥ ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ለማሎሪ ታማኝ የሆነ ሥራ የትኛው ነው?

ታማኝነትን ከስም ጋር የሚያዛምዱም አሉ። የቶልኪንን ሥራዎች መብት የያዙ ወገኖች ተቃውሞ ባነሡ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» «ሆቢት» የሚለውን ስም ትቶ «ሃፍሊንግ» አለ። ጨዋታው አንድ ቀን አልተቋረጠም።

ዌስት ኤንድ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ1987 «ስታር ዋርስ»ን ወደ ጨዋታ ሲለውጥ የገጠመው ሥራ የክርክሩን ፍሬ ነገር ያሳያል። ፊልሙ በመጠጥ ቤት የተቀመጡ እንግዳ ፍጡራንን አሳይቶ ማለፍ ይችላል፤ ካሜራው ከዞረ ወዲያ ማንም አይጠይቅም። በጠረጴዛው ዙሪያ ግን ተጫዋቹ ሄዶ ካንዱ ጎን ይቀመጣል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ማንን እንደሚፈራ ይጠይቃል። አዘጋጆቹ ስለዚህ ፊልሙ ስም ላልሰጣቸው ዘሮች ስም፣ አገርና ልማድ አወጡላቸው፤ ሮዲያንና ትዊሌክ የሚባሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ኋላም ቲሞቲ ዛን እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመውን «ኤር ቱ ዘ ኢምፓየር» የተሰኘ ልብ ወለድ በሚጽፍበት ጊዜ፣ የፊልሙ ባለቤቶች እንዲያመሳክርባቸው የላኩለት እነዚሁኑ የጨዋታ መጻሕፍት ነበር።